የወላጅ ፊርማ

«እንደ እናትሽ ያለ ወላጅ ገጥሞኝ አያውቅም» አለ መምህሩ፣ ልጅቷ ፊት ቁጢጥ ብሎ ሁለት እጆቿን እንደያዘ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ የኔ ልጅ።»

በግድግዳው ዙሪያ በውሰት ወንበሮች ላይ የተቀመጡት ለቀስተኞች መጀመሪያ መምህሩን፣ ቀጥሎ ጥቁር ሻርፕ ተከናንባ ጥግ የያዘችውን ሴት አዩ። ሰፈሩ «ሬዲዮ» የሚላት ጎረቤት እንኳ የሻይ ብርጭቆዋን አፏ ጋ አድርሳ መለሰችው።

ሴትየዋ ሦስት ቀን ሙሉ ስታለቅስ ነበር። አሁን እንባዋ ቀጥ አለ።

«እናቷ እኔ ነኝ» አለች። «የሞተችው ታላቅ እህቴ ናት።»

መምህሩ ብድግ አለ። የሚገባበት ጠፋው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ እኮ ዓመቱን ሙሉ የማውቀው እሳቸውን ነው። ስብሰባ የሚመጡት እሳቸው፣ ደብተር ላይ የሚጽፉልኝ እሳቸው…»

«ምን ያድርጉ፣ አላወቁ» አለችው። በሱ አልተቀየመችም። ያንገበገባት ሌላ ነው። ልጇ እዚያው በመካከላቸው ቆማ ነበር፤ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ፣ ሰው አንዲት ቃል ሲሳሳት ሳታርም የማታልፍ ልጅ። «እናትሽ» ሲላት ግን ዝም አለች።

«እውነቱን ነው እኮ የተናገረው» አለች ሬዲዮ ጎኗ ለተቀመጠችው። የሬዲዮ ሹክሹክታ ጓሮ ድረስ ይሰማል።

ሟቿን ቤተሰቡም ጎረቤቱም «እታለም» ነበር የሚላት። እናታቸው ስትሞት ታናሽየዋ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች፤ እታለም አሥራ ዘጠኝ። እታለም ትምህርቷን ትታ ሥራ ገባች። የታናሿን ጸጉር ጎነጎነች፣ ትምህርት ቤት አደረሰች፣ ተደብድባ ስትመጣ ሄዳ ተጣላችላት። ኋላ ትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ከፈተች። አላገባችም፤ አልወለደችም። ታናሽየዋ ትዳሯ ፈርሶ የአንድ ዓመት ሕፃን አዝላ ስትመጣ ግን፣ በሩን በርግዳ ሕፃኗን ከጀርባዋ አወረደችና «ቤትሽ ነው» አለቻት። ሕፃኗን ያን ቀን እንዳቀፈቻት መልሳ ያስቀመጠቻት አይመስልም።

እናትየዋ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ኮሌታ ትሰፋለች። ልጅቷ ሳትነቃ ትወጣለች፤ እራት ከተበላ በኋላ ትገባለች። በዓመቱ መጀመሪያ ልጅቷ የመገናኛ ደብተር የሚባል ይዛ መጣች። መምህሩ በየዓርቡ ክፍሉ ምን እንደተማረ፣ ልጁ ምን እንደቻለና ምን እንደከበደው ይጽፋል። ቤት ያለ ሰው አንብቦ ይፈርማል፤ የሚለው ካለውም ይጽፋል፤ ሰኞ ይመለሳል።

«እታለም፣ አንቺው ፈርሚልኝ» አለች እናትየዋ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ወንበር ላይ እንደተዘረጋች። «ዓይኔ አልገለጥ ብሎኛል።»

«ለዛሬ ነው ለሁልጊዜ?» ሳቀች እታለም።

«ለዛሬ!»

ከዚያ ወዲያ ግን እናትየዋ ደብተሩን አንድ ቀን እንኳ አምጪው አላለችም። «ትምህርቷስ?» ትላለች። «ደህና ናት፤ አንቺ አታስቢ» ትላታለች እታለም። ያኔ «አንቺ አታስቢ» ትልቅ እረፍት ነበር።

በለቅሶው አራተኛ ቀን ልጁ ከልጅቷ ጋር አንድ ክፍል የሚማር አንድ የታክሲ ሾፌር ሊያስተዛዝን መጣ። «ልጅሽ መቼም ተባርካለች» አላት። «ያን ዓርብ ዳቦ እየቆረሰች ማካፈልን ስታስረዳን፣ በልጅነቴ ያልገባኝ እኔ ራሴ ገባኝ።»

«የትኛው ዓርብ?»

«ወላጅ የተጠራን ዕለት ነዋ። አልነበርሽም እንዴ?» አሰብ አደረገ። «አዎ፣ እታለም ነበረች።»

አንገቷን ደፋች። የመጣው ሁሉ ስለ ልጇ የማታውቀውን ይነግራታል። የገዛ ልጇን ወሬ ከታክሲ ሾፌር ትስማ!

በማግስቱ ጠዋት ለቀስተኛ ሳይበዛ ልጅቷን ጠራቻት።

«የመገናኛ ደብተርሽ የት ነው?»

«እታለም ሱቅ። እዚያ ነው የምንጽፈው።»

«የምንጽፈው?»

«እኔ እነግራታለሁ፣ እሷ ትጽፋለች።»

ቁልፉን አንሥታ ወጣች። «ኧረ ሰው ጥለሽ ወዴት ነው?» አለች ሬዲዮ። እሷ ግን ወደ እታለም ሱቅ አቀናች።

ደብተሩ በፕላስቲክ ተለብዶ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ቆማ ማንበብ ጀመረች፤ ኋላ የእታለም ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ልጅቱ ጥሩ ታነባለች። አራት ነጥብ ጋ ስትደርስ ግን አትቆምም» ይላል መምህሩ።

«ስታወራም እንዲሁ ናት፤ ማቆም አልፈጠረባትም» ብላ መልሳለች እታለም። «ከዛሬ ጀምሮ አራት ነጥብ ጋ ቆማ ጉንጯን ከሰጠችኝ እስማታለሁ ብያታለሁ። ለውጥ ካለ ያሳውቁኝ።»

በቀጣዩ ዓርብ «በደንብ ትቆማለች» ይላል።

እናትየዋ አንድ እሑድ ትዝ አላት። ልጅቷ የሳሙና መጠቅለያ ላይ ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብላ ስታነብላት፣ ድንገት ቆም ብላ ጉንጯን አዙራ ሰጠቻት። እሷ ያለቻት «ጥርስሽን አሞሽ ነው እንዴ?» ነበር።

ያንን ሁሉ አራት ነጥብ እታለም ብቻዋን ሳመችው። እናትየዋ ገጾቹን በንዴት መግለጥ ጀመረች። በየገጹ ግርጌ «የወላጅ ፊርማ» የሚል መስመር አለ፤ በየመስመሩ ላይ የእታለም ፊርማ፣ ከሳምንት ሳምንት እየሰፋና እየደፈረ ሄዷል። አንድ ገጽ ላይ እጇ ቆመ።

«በሚመጣው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቹ ሥራቸውን ለወላጆች ያቀርባሉ። ልጅቱ ‹እናቴ ትምጣልኝ› ብላ ደጋግማ ነግራኛለች።»

እንደዚያ በየገጹ የምታወጋው እታለም ከሥሩ አንድ ቃል ብቻ ጽፋለች፦ «እመጣለሁ።»

እናትየዋ ቀኑን አየች። ያን ዓርብ ፋብሪካው መብራት ጠፍቶበት በእኩለ ቀን ለቋቸው ነበር። ከሰዓቱን ቤቷ ተኝታ ነው ያሳለፈችው። እታለምና ልጅቷ አምሮባቸው ተያይዘው ሲገቡ «የት ነበራችሁ?» ብትላቸው «ዞር ዞር ብለን» ነበር መልሱ።

«ሰረቅሽኝ!» አለች ጮክ ብላ። የሚመልስላት የለም። ከሞተ ሰው ጋር በየት በኩል ይጣላሉ? ጸጉሯን የጎነጎነ፣ ከጠብ ያስጣላት እጅ ነው የሰረቃት፤ ደረቷን ጥላ የምታለቅስለትም ያው እጅ ነው።

በዕረፍት ሰዓት መንገዱን ተሻግራ መምህሩን በር ላይ አስጠራችው።

«አንድ ቀን እንኳ እናቷ አይደለሁም አላለችም?»

«አላሉም። እኔም አልጠየቅኋቸውም፤ መጠየቅ ነበረብኝ።» እጁ ላይ ያለውን የጠመኔ ብናኝ አራገፈ። «አርባ ሁለት ልጆች አሉኝ። አብዛኛው ደብተር ፊርማ ብቻ ይዞ ነው የሚመለሰው፤ ጭራሽ ያልተገለጠም አለ። ቁጭ ብለው የሚመልሱልኝ እሳቸው ነበሩ።»

«እኔም እጽፍ ነበር፣ ብታሳየኝ…» ብላ ጀመረች። አልጨረሰችውም። አምጪው አለማለቷን ራሷ ታውቃለች።

«ያለፈው ዓርብ ገጽ ገና አልተፈረመም» አለ መምህሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እታለም ደም ግፊቷ ተነሥቶ የወደቀችው በማግስቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት ነበር።

ማምሻው ላይ ለቀስተኛው ወጣ ወጣ ሲል እናትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ።

«‹እናቴ ትምጣልኝ› ያልሽው እኔን ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እታለም ‹ከሥራ ከቀረች ይቆጧታል፣ አናስጨንቃት› አለችኝ።»

«እሷ ስትመጣ ከፋሽ?» አዎ እንድትላት ተመኘች፤ በምኞቷም አፈረች።

«ትንሽ። ከዚያ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብልኝ እሷ አለቀሰች። እኔም ረሳሁት።»

«መምህሩ ለቅሶ መጥቶ እታለምን ‹እናትሽ› ሲላትስ ለምን ዝም አልሽ?»

«እታለም እንዳይከፋት።»

እናትየዋ ደብተሩን አወጣችና የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች። «የዘጠኝ ብዜት ያደናግራታል» ይላል። «ቤት ውስጥ ሰው እያዘበራረቀ ቢጠይቃት ጥሩ ነው።»

«ዘጠኝ በሰባት?» አለቻት።

ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች። «እታለም በጣት ነበር የምታሳየኝ።»

ንዴቷ እንደገና ቦግ አለ። «እኔ ሌላ መንገድ አሳይሻለሁ» ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ዋጠችው።

«እኔ አልችልበትም» አለች። «እንዴት ነበር የምታደርገው? አሳዪኝ።»

አሥር ጣቶቿን ጭኗ ላይ ዘረጋች። ልጅቷ ተጠግታ ጎኗ ተለጠፈችና ከእናቷ ግራ እጅ ትንሽ ጣት ጀምራ እየነካካች ቆጠረች። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ፣ መርፌ የበሳሳውን የቀኝ እጇን አመልካች ጣት ቀስ አድርጋ አጠፈችው።

«ከዚህ በግራ ስድስት አለ፤ በቀኝ ሦስት። ስልሳ ሦስት።»

«ስልሳ ሦስት» አለች እናትየዋ።

ስሌቱ አልቋል። ልጅቷ ግን የታጠፈውን ጣት አልለቀቀችውም፤ እናትየዋም እጇን አላነሣችም።