ዘንባባ አይደለም

ባሌ ዓለምሰገድ የጭነት መኪና ሾፌር በነበረ ጊዜ ከሞምባሳ ስጦታ አመጣልኝ። ወርቅ እንዳይመስላችሁ። ጸጉራም፣ አናቱ ላይ ቡቃያ ያወጣ ኮኮናት ነው። «ቴፒም እንደ ሞምባሳ ሞቃት ናት፤ ይይዛል» አለና ከቤታችን ጀርባ ተከለው። እኔ እዚያው ቦታ ላይ ሰርቪስ ቤት ላሠራ ነበር ያሰብኩት።

«ውሃው ይጠጣል፣ ሥጋው ይበላል፣ ቅጠሉ መጥረጊያ ይሆናል። ወተቱ ደግሞ የጾም ነው» ይለኛል።

«ወተት ከመቼ ወዲህ ነው የጾም የሆነው?» እለዋለሁ።

ዛፉስ አደገ፤ አይካድም። የቤቱን ቆርቆሮ አልፎ ሄደ። ፍሬ ግን ወፍ የለም። ዓለምሰገድ ከባሕር አጠገብ የሚበቅል ነገር ጨው ይወዳል ብሎ ከወጥ ቤቴ ጨው እየዘገነ ሥሩ ላይ ሲበትን ሳየው ደሜ ይፈላል። ወጥ የሚሠራ ነው የሚመስለው።

የሆሳዕና ዋዜማ በመጣ ቁጥር ደግሞ ሰፈርተኛው በራችን ላይ ይሰበሰባል። «ከዘንባባችሁ ስጡን!» ይላል። ዓለምሰገድ «ኮኮናት ነው እንጂ ዘንባባ አይደለም!» ብሎ አንድ ቅጠል አያስነካም። ለጣቴ ቀለበት የምትሆን ቁራጭ ብለምነው ለእኔም እምቢ ብሎኛል። ከሁሉም ያቃጠለኝ ይህ ነው።

ዘንድሮ ቆርጬ ተነሳሁ። እስከ ሆሳዕና ካላፈራ ይገነደሳል አልኩት። ተሟግቶ ተሟግቶ ሲደክመው እሺ ብሎ ቃሉን ሰጠኝ። ከዚያ ወዲህ ዛፉን ቀና ብሎ ማየት ተወ፤ ደረቅ ቅጠሉን እንኳ አያጸዳለትም። በዋዜማው ቅዳሜ ማለዳ መጋዝ ሊዋስ ወጣ። ትከሻው ወርዶ ሳየው ሆዴ ባባ። ግን ቃል ቃል ነው ብዬ መልሼ አልጠራሁትም።

ሰፈርተኛው ሲመጣ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። «ዛሬ ሙሉውን ውሰዱት!»

ጎረቤታችን ማቴዎስ የሸኮ ልጅ ነው፤ ጫካ ውስጥ ረጃጅም ዛፍ ላይ ቀፎ ሲሰቅል የኖረ ሰው። ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ፣ ቆንጨራውን ይዞ ዛፉ ላይ ወጣ። መጀመሪያ የደረቁትን ቅጠሎች ገፎ ጣለ። ከዚያ ቆንጨራውን እንዳነሳ ቆመ።

«ምነው ማቴዎስ?»

«እትዬ ማናልሞሽ፣ ይሄ ዛፍ እርጉዝ ነው!»

«ምን?»

«አረንጓዴ ነገር ይዟል፤ ሎሚ ሎሚ የሚያክል። ደረቁ ቅጠል ጋርዶት ነው። እሱንም ልቁረጠው?»

«እጅህን ሰብስብ!» ጩኸቴ ማሻ ከተማ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ከታች ያሉት አጉረመረሙ። «ነገ ሆሳዕና ነው እኮ! ዘንባባውን ውሰዱ አላልሽንም?»

«ዘንባባ አይደለም! ኮኮናት ነው!»

የባሌን ቃል ከገዛ አፌ ስሰማው ራሴም ሳቄ አመለጠኝ። ግቢው በሳቅ ተሞላ።

በዚህ መሀል ዓለምሰገድ መጋዙን ይዞ ገባ። ሮጬ ጀርባዬን ለዛፉ ሰጥቼ ቆምኩ።

«ዞር በይ እንጂ፤ ቃል ገብቼልሽ የለ?»

«አልዞርም። ቀና በል።»

ማቴዎስ ቅጠሉን ገለጥ አደረገለት። ዓለምሰገድ አየ። መጋዙ ከእጁ ወደቀ። ያን ሁሉ አገር በመኪና ያቋረጠ ሰው እንደ ልጅ እንባውን በእጅጌው ጠረገ። እኔም አለቀስኩ፤ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሰፈርተኛው ባዶ እጁን ሊወጣ ሲል ዓለምሰገድ ጠራው። «ማቴዎስ፣ ከሁሉም ዝቅ ያለውን ዝንጣፊ ቁረጥላቸው፤ አንዱ ለሁላችሁም ይበቃል።» ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ዝንጣፊው ሲወርድ እየሰነጠቁ ተካፈሉት።

እሱ ደግሞ አንዲት ቀጭን ቅጠል መዝዞ አጠገቤ ተቀመጠና ይጎነጉን ጀመር።

«ዘንባባ አይደለም ትል የለም እንዴ?» አልኩት።

«ዛሬ ነው» አለኝ።

የቀለበቱ ወግ ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነበር። እኔ ግን ነገን አልጠበቅሁም፤ ጣቴን ዘረጋሁለት።