ጡጫ የማያስገባ ጭነት

ቴፒ ላይ ቡና የሚያስጭን ሁሉ አስካለችን ያውቃታል። መኪናዋ የኋላ ወንበሮቿ ተነቅለው፣ ከኋላ ጣሪያዋ ተቆርጦ ለጭነት የተሰናዳች አሮጌ ሚኒባስ ናት። ሊብሬዋ ላይ የተጻፈው አሥር ኩንታል ነው። አስካለች ከአራተኛ ክፍል አላለፈችም፤ ይህችን ቁጥር ግን ማንም አያስረሳትም። የሚነዳላት ታናሽ ወንድሟ ሲላስ ነው፤ እሷ ከጎኑ ካልተቀመጠች መኪናዋ ንቅንቅ አትልም።

ከመነሳታቸው በፊት የማትተዋት ነገር አለች። ከኋላ ጎማውና በላዩ ካለው የጭቃ መከላከያ ቆርቆሮ፣ ከፓራፋንጎው፣ መካከል ጡጫዋን ታስገባለች። ከገባ ጭነቱ ልክ ነው፤ ካልገባ ባሌስትራው ከልክ በላይ ረግቧል፣ ትርፉ ይወርዳል። አንዴ አማን ከተማ ወስዳ በመኪና ሚዛን አሥር ኩንታል አስመዝና ነው ይህን ልክ ያገኘችው። ጫኝና አውራጆቹ "የሴት ጡጫ ኩንታል ሆነ" እያሉ ይስቁባታል። እሷም "ባሌስትራ ወንድ ሴት አይልም" ትላቸዋለች።

ባሏ ማቴዎስ የሞተው በጭነት ነው። የሰው መኪና ሲነዳ ሃያ ኩንታል ጫኑበት፣ ሚዛን ከተማ ሊደርስ ሲል ካለው ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እምቢ አለው። እሷ ስትደርስ ሰዉ የፈሰሰውን ቡና በባልዲና በነጠላ ይሰበስባል። ማቴዎስ ደግሞ መሪው ደረቱን ወግቶት እንደተቀመጠ ነበር። እሱ የወጣው ቡናው ተለቅሞ ካለቀ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ አስካለች በጭነት ነገር ከማንም ጋር ተመካክራ አታውቅም።

በታኅሣሥ አንድ ቀን፣ ያለወቅቱ ዝናብ በጣለ ማግስት፣ አቶ ባየ የሚባሉት ነጋዴ ጀንፈል ሊያስጭኑ ጠሯት፤ ከነገለባው የደረቀ ቡና መሆኑ ነው። በዚያ አገር የጭነት ዋጋ የሚቆረጠው በማዳበሪያ ቁጥር ነው፣ በኪሎ ማንም አይነጋገርም። አሥራ ስምንት ማዳበሪያ ጀንፈል አሥር ኩንታል ገደማ ስለሚሆን "አሥራ ስምንት" ከተባለ ነገር አለቀ። አቶ ባየ ግን የማዳበሪያውን አፍ በሌላ ግማሽ ማዳበሪያ አስቀጥለው ያሰፋሉ። አንገት መቀጠል ይሉታል። አንገቱ የተቀጠለ ማዳበሪያ ሲቆጠር አንድ ነው፣ ሲሸከሙት አንድ ተኩል። የዚያን ቀን ደግሞ ዝናብ ጠጥቷል።

አሥራ ሁለቱ እንደተጫነ አስካለች ቁጢጥ ብላ ጡጫዋን አስገባች። ልክክ አለ። ስድስት ማዳበሪያ መሬት ላይ ቀርቷል።

"በቃ" አለች።

"ምኑ ነው የበቃው?" አሉ አቶ ባየ። "የተዋዋልነው አሥራ ስምንት አይደለም?"

"ጋሼ ባየ፣ ይሄ ማዳበሪያ አይደለም፣ ቀጭኔ ነው። አንገቱን ይቁረጡና ልጫንልዎ።"

ጫኞቹ ሳቁ። አለቃቸው በላይነህ ግን አልሳቀም። መኪናው ውስጥ ጭነቱ ላይ ቆሟል፤ ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቋል፤ ሰው ፊት በሴት መታዘዝ ደግሞ አይሆንለትም።

"እትዬ አስካለች፣ እጅሽን አውጪ። ልንጭን ነው።"

"እጄ እዚሁ ነው። ወንድ ከሆንክ ጫንበት።"

በሰው እጅ ላይ ማንም አይጭንም ብላ ነው። በላይነህ ደግሞ ሲከብዳት ራሷ ታወጣዋለች ብሎ ነው። አንዱን ማዳበሪያ ከታች ተቀብሎ ጣለው። መኪናዋ አቃሰተች፤ የፓራፋንጎው ጠርዝ የአስካለችን ቆዳ ቆነጠጠው። አላወጣችም። ሁለተኛው ሲያርፍ ጡጫዋ ጎማው ላይ ተጣበቀ፤ አሁን ላውጣው ብትልም አይወጣም። እሷ ግን ይህን ከመናገር ምላሷን መንከስ መረጠች።

"እያየኋት ነው፣ አልተነካችም" አለ በላይነህ፤ ከነበረበት ግን አይታየውም። "ርገጡት፣ ቦታ ይልቀቅ።"

ሦስተኛውን ወረወረና ከሁለት ጫኞች ጋር ጭነቱ ላይ ዘለለበት። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ከጎማው በኩል መጣ። አስካለች ግንባሯን ከመኪናው ቆርቆሮ ጋር አላተመችው። ከጉሮሮዋ የወጣው ጩኸት አልነበረም፤ ቢላዋ ያረፈበት በሬ ነው እንዲያ የሚያጓራው።

ሲላስ ከፊት ለፊት ሆኖ ሞተሩን ያይ ነበር። ዞሮ ሲመጣ ደሟ በጎማው ጥርስ መካከል ወደ ታች ይወርዳል። የክሪኩን ዘንግ መዘዘና ከላይ ሊያይ ያጎነበሰው በላይነህ አገጭ ላይ አሳረፈው። የበላይነህ መንጋጋ ወደ ጎን ዞሮ ቀረ፤ ከጭነቱ ላይ በጀርባው ጭቃው ውስጥ ወደቀ፤ ሲያስል ጥርስ ወጣ። የቀሩት አምስት ጫኞች በሲላስ ላይ ተረባረቡ። ዘንጉን ቀምተው በዚያው ጀርባውን ወገሩት፤ ሲወድቅ በጫማ ፊቱን ረገጡት።

ይህ ሁሉ የሆነው ከአስካለች አንድ እርምጃ ርቀት ላይ ነው። ቀኝ እጇ ታስሯል። ወንድሟ ከእግሯ ሥር ደም እየተፋ "እቴ" ይላል። በግራ እጇ መሬቱን ስትዳብስ ማዳበሪያ የሚጎትቱበት መንጠቆ ተያዘላት። አጠገቧ የነበረው ጫኝ ባት ላይ ሰካችውና ወደ ራሷ ጎተተችው። ሰውዬው ጮኾ ተዘረረ፤ ሌሎቹ መንጠቆውን አይተው አፈገፈጉ።

አቶ ባየ ፊታቸው አመድ መስሏል። "ክሪክ! ክሪክ አምጡና መኪናውን አንሱላት።"

"ክሪክ የነካ ሰው ይሄን መንጠቆ ይቀምሳል" አለች አስካለች።

"እጅሽ ተሰብሯል እኮ፣ አንቺ ሰው።"

"በክሪክ ካወጣችሁኝ ጭነቱ እንዳለ ይቀራል። እኔን ሐኪም ቤት ስትወስዱኝ ይሄን ከብት ወንድሜን አስፈራርታችሁ ታስነዱታላችሁ። አውርዱ።"

"አንዱን እናውርድ፣ በቃ?"

"ሦስቱንም።"

"ሴትዮዋ አብዳለች" አለ አንዱ ጫኝ። ቢሆንም ወጥቶ ማውረድ ጀመረ። አንዱ ወረደ። ሁለተኛው ሲወርድ ቆርቆሮው ከአጥንቷ ላይ ለቀቀና የታፈነው ደም ቦግ ብሎ ወጣ፤ እዚያ ላይ ብቻ ዓይኗን ጨፈነች። ሦስተኛው ሲወርድ እጇ በገዛ ክብደቱ ተንሸራቶ ወጣ። ሁለት ጣቶቿ ወደ ሌላ አገር ዞረዋል። ሻሿን ፈትታ ጠቀለለችውና ሲላስን በግራ እጇ ከጭቃው አነሳችው። አንድ ዓይኑ ተደፍኗል።

"በአንዱ ትነዳለህ?"

"እነዳለሁ።"

ጫኞቹ በላይነህን ከበው ቆመዋል። አፉ አይገጥምም፤ ደሙ እንደ ክር ይንጠለጠላል። ባቱን የተወጋው ጫኝ ቁስሉን በቀበቶ አስሮ፣ እያነከሰ ወደ አስካለች መጣ።

"እትዬ፣ ይሄ ሰው ሚዛን ሆስፒታል ካልደረሰ ይሞትብናል። ሌላ መኪና ደግሞ የለም።"

"ይሙታ" አለ ሲላስ።

አስካለች በላይነህን ከላይ እስከ ታች አየችው። ዓይኑ ሸሻት።

"አንድ ማዳበሪያ አውርዱለት" አለች። "በልኩ ላይ ጨምሬ አልጭነውም።"

አቶ ባየ ዘለው መጡ። "ሌላ ደግሞ? ሰባት ሲቀርብኝ ነው እኮ። ዛሬ አማን የሚጠብቀኝ መኪና አለ። አንድ ሰው ቢጨመር ምን ይሆናል?"

እስከዚያች ሰዓት እርስዎ ስትላቸው የኖረች ሴት ፊቷን አዞረችባቸው።

"ስማ፣ ባየ። ወይ ቡናህ ይሄዳል ወይ ሰውህ። ምረጥ።"

አቶ ባየ ማዳበሪያዎቹን አዩ፤ በላይነህን አዩ፤ እንደገና ማዳበሪያዎቹን አዩ። ጫኞቹ ይህን ሁሉ ተመለከቱ። ከዚያ ማንም ሳያዛቸው ሁለቱ ወጥተው አንድ ማዳበሪያ አንስተው አቶ ባየ እግር ሥር ወረወሩት። አንገቱ ተተርትሮ እርጥቡ ጀንፈል ጫማቸው ላይ ፈሰሰ። አለቃቸውን በቦታው አስተኙት።

ሲላስ ሞተሩን አስነሳ። ከኋላ በላይነህ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ያቃስታል።

"ቀስ በል" አለች አስካለች።

"ለሱ ብዬ?"

"ለኔ ብለህ" አለችው። "እጄን አሞኛል።"