አራት ፓምፕ፣ ሃያ አራት መልስ

የውኃ ማጣሪያ ጣቢያው ወጣት መሐንዲስ አዲስ የኮምፒውተር ቋንቋ በሁለት ቀን እንድትለምድ የታዘዘችው በጋሽ ጆሮ ምክንያት ነው። ጋሽ ጆሮ አንጋፋ መካኒክ ናቸው፤ የካቻቢቴ እጀታ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ፓምፕ ስለሚያዳምጡ ስሙ ወጣላቸው። ሰኞ ጠዋት «ሦስተኛው ታሟል፣ ይቁም» አሉ። ሥራ አስኪያጁ ግን «በጆሮ ፓምፕ አላቆምም፤ ቁጥር አምጡ» አለ።

ቁጥሩ የሚሰላበት አዲሱ ቋንቋ ሁሉን ነገር እንደ ሠንጠረዥ ነው የሚያየው፤ ረድፍና ዓምድ ያለው፣ ማትሪክስ የሚሉት። መሐንዲሷ የአራቱን ፓምፖች በየሰዓቱ የተለካ የሃያ አራት ሰዓት ንዝረት ይዛ ተቀመጠች። ተቀመጠች ማለት እንኳ አይቻልም፤ ወንበሩ እሾህ ያበቀለ ይመስል ቁጭ ብድግ ስትል ዋለች። ትጽፋለች፣ ቀይ የስሕተት መልእክት ይወጣል። ቅንፍ ትዘጋለች፣ እንደገና ቀይ። መማሪያውን ማንበቡ ሰልችቷት መሃል መሃሉን ዘለለች። ማክሰኞ ከሰዓት አማካይ እንዲያወጣላት ስታዘው ግን ቁጥር ተዘረገፈ፤ ሁሉም ሦስት ከምናምን፣ ከሚፈቀደው ከአራት በታች። አትማ ይዛ ሮጠች።

«ይኸው! ሁሉም ጤነኛ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ጋሽ ጆሮ ወረቀቱን አገላብጠው አዩት። «ኮምፒውተሩ ካለማ ምን እላለሁ፣ ልጄ» ብለው ወጡ።

ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። ረቡዕ ምሳ ሰዓት ወረቀቱን እንደያዘች ቤት ገባች። አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ ልብስ ሰፊ ናት።

«ምነው አንቺ፣ ቁጭ ብለሽ ብዪ እንጂ! ስትንቆራጠጪ ስፌቱ ጠመመብኝ።»

«የሆነ ነገር ቅር ብሎኛል፣ እትዬ።»

እህቷ በከንፈሯ የያዘችውን መርፌ አውጥታ ወረቀቱን ተቀበለቻት። «ስንት ፓምፕ ነው ያላችሁ?»

«አራት።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ቁጥር የማን ነው? እኔ ለአራት ሰው ለክቼ ሃያ አራት ወገብ ብጽፍ አብዳለች አይሉኝም?»

መሐንዲሷ ክው አለች። ቋንቋው ካልነገሩት በቀር አማካይ የሚያወጣው ዓምድ ዓምዱን ነው። እሷ ፓምፖቹን በረድፍ፣ ሰዓቶቹን በዓምድ ደርድራለች። ስለዚህ በየሰዓቱ የአራቱን ፓምፖች አማካይ አንድ ላይ ሲያወጣ ነው የቆየው፤ በሽተኛው ከሦስቱ ጤነኞች መሃል ተደብቋል።

ምሳውን ትታ ወጣች። ታክሲው መንገድ ሲዘጋበት ወርዳ በእግሯ ገሠገሠች። ጣቢያው እንደደረሰች ከሠንጠረዡ ስም ቀጥሎ ረድፉን ዓምድ የምታደርገውን ትንሽ ጭረት ጨመረች። አራት ቁጥር ወጣ፦ ሁለት፣ ሁለት፣ ሰባት፣ ሁለት።

«የትናንቱ ስሕተት ነው» አለችው ሥራ አስኪያጁን፣ ትንፋሿ ሳይመለስ።

«ጠዋት ለበላይ ልኬዋለሁ እኮ!»

«የተሳሳተችው መሐንዲሷ ናት ብለው ይጻፉ። ፓምፑ ግን አሁኑኑ ይቁም።»

አሥር ሰዓት ላይ ፓምፑ ሲፈታ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ተሰንጥቆ ተገኘ።

«ይቅርታ፣ ጋሼ» አለች።

«እኔስ ያላጠፋሁ መሰለሽ? ሠላሳ ዓመት ያልዋሸኝን ጆሮ ለአንድ ወረቀት ብዬ ዝም አሰኘሁት» አሉ፣ ግራሶ የነካው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ።

ሐሙስ ስለ ስሕተቷ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት። ፈርማ ተቀበለች። ከዚያም ስልኩን አንሥታ ወደ ከተማው ሁለተኛ የውኃ ማጣሪያ ጣቢያ ደወለችና የእነሱንም ፓምፖች የንዝረት ልኬት እንዲልኩላት ጠየቀች።