የት ላይ አለቀስክ?

ምህረቴ የጥርስ ብሩሿን አፏ ውስጥ እንደያዘች በሩን ስትከፍት ግቢው በሰው ሞልቷል። ገና እየነጋ ነው። የእንጅባራ ጉም የቀርከሃውን አጥር ውጦታል፤ ሰዎቹም ግማሻቸው ጉም፣ ግማሻቸው ጋቢ መስለው በዝምታ ቆመዋል። መጀመሪያ ወደ ልቧ የመጣው ሐሳብ ኋላ ላይ ባስታወሰችው ቁጥር ፊቷን የሚያቃጥላት ሆነ፤ “እንኳን ደስ ያለሽ ሊሉኝ ነው” አለች ለራሷ። የማስተርስ ዲፌንሷን በጥሩ ውጤት አልፋ ከባሕር ዳር የገባችው ትናንት አመሻሽ ላይ ነበር። ፈገግ አለች። አረፋው በአገጯ ወረደ።

ከዚያ የሴቶቹን ነጠላ አየች። ሁሉም አዘቅዝቀውታል።

ዓይኗ ሳታዘው የጎደለውን ሰው ፍለጋ ግቢውን ዞረ። አባቷ አቶ ይኸነው አሉ፤ አጥሩ ሥር አንገታቸውን ደፍተዋል። እናቷ እንቁ አለች፤ ጎረቤታቸው ካሳነሽ ብብቷ ሥር ገብታ ደግፋታለች። የሌለው ታላቅ ወንድሟ አድማሴ ነው። ማታ ሽሮውን በላይ በላዩ እያጎረሷት “አዲስ ቅዳም ከተማ በባጃጁ ሰው ሊያደርስ ሄዶ ዝናብ ያዘው፣ ጠዋት ይመጣል” ብለዋት ነበር።

አባ ውቤ ከሽማግሌዎቹ መሃል ወጥተው በዘንጋቸው ተደገፉ።

“ልጄ፣ ጠንከር በይ” አሉ። “አድማሴ አርፏል። ግንቦት ላይ ነው፤ አዲስ ቅዳም መንገድ ላይ፣ በዝናብ፣ ባጃጁ ተገልብጦበት። በወጉ ቀብረነዋል። አርባውንም አውጥተናል።”

ሴቶቹ ይህቺን ቃል ሲጠብቁ ቆይተው ባንድ ጊዜ ጮኹ። ምህረቴ አልጮኸችም። ብሩሹን ከአፏ አወጣች።

“ውሸት ነው” አለች፣ ሰሌዳ ላይ የተሳሳተ መምህር የምታርም ይመስል። “ትናንት ጽፎልኛል እኮ። ዳንግላ ደረስኩ፣ በር ላይ ጠብቀኝ ስለው። ‘እዚህ ዝናብ ነው፣ ደረብ አድርጊ’ ብሎኛል። ስልኬን ላምጣው?”

ጩኸቱ እንደተቆረጠ ገመድ ቆመ። ቀና ብሎ ያያት ሰው አልነበረም።

በአገሩ ወግ መርዶ ለተረዳ ሰው ለቅሶው አዲስ ነው፤ ሌላው አልቅሶ ቢጨርስም ከእሱ ጋር እንደገና ይቀመጣል። ስለዚህ ለአድማሴ ሁለተኛ ድንኳን ተተከለ። አግዳሚዎቹ ከእድሩ ቤት ተመልሰው መጡ፤ ንፍሮው እንደገና ተጣደ፤ እንባቸውን አድርቀው ወደ ድንች ማሳቸው የተመለሱ ዘመዶች ድጋሚ ከላቸውን ፈልገው ለበሱ። ቀልጣፎች ነበሩ። የት ላይ ምን ተብሎ እንደሚለቀስ አንዴ ተለማምደውታል። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ጀማሪዋ ምህረቴ ብቻ ነበረች።

መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ከእናቷ ጎን አስቀመጧት፤ ጥቁር ሻሽ አሰሩላት። እንባ የለም። ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ተጋድሞ አይወርድም፣ አይወጣም። “አልቅሺ፣ ይውጣልሽ” ይሏታል። ምኑ ይውጣ? ገና መች ገባና። ስልኳን ነጠላዋ ሥር ደብቃ የአድማሴን መልእክቶች ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ትገፋለች። የቱ ጋ ነው የሞተው? የመጨረሻው የእሱ ቃል የትኛው ነው? ከዚያስ በኋላ በእሱ ስም ሲያናግራት የከረመው ማን ነው? ይህንን ሳታውቅ ማንን ታልቅስ?

ከወንድሟ ጋር አንድ ጨዋታ ነበራቸው። ከልጅነት የመጣ ነው። መናኸሪያው ጀርባ የነበረው ቪዲዮ ቤት ውስጥ አድማሴ ትከሻው ላይ አስቀምጦ የህንድ ፊልም ያሳያት ነበር። ህንድኛ አንዲት ቃል ሳያውቅ ሁሉንም በአዊኛ ይተረጉምላታል። በሱ ትርጉም ክፉው ሰውዬ ሁልጊዜ የቀበሌ ሊቀመንበር ነው፤ ፈረስ ከታየ ደግሞ ፈረሱ የግድ የአዊ ነው። ሲወጡ የሁለቱም ዓይን ቀልቷል። “የት ላይ አለቀስክ?” ትለዋለች። “ማን፣ እኔ? ጭስ ነው” ይላታል። ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ጭስ የሚባል ነገር አልነበረም።

አባታቸው ህንድ ሲባል አይወዱም። አንድ ቀን ቪዲዮ ቤቱ ድረስ መጥተው አድማሴን በጆሮው ጎትተው አውጥተውታል፤ “ቤቱ እየተቃጠለ የሚዘፍን ሰው አይታችሁ ምን ልትማሩ ነው?” ብለው። አድጎ ባጃጅ ሲይዝም መስታወቱ ላይ የለጠፋትን ህንዳዊት ተዋናይት በቢላዋ ፋቋት። ግማሽ ፊቷ አልለቅ ብሎ ቀረ። አድማሴም “አንድ ዓይኗ ይበቃኛል” ብሎ ከግማሽ ፊት ጋር ሲሠራ ኖረ።

ምህረቴ ለማስተርስ ባሕር ዳር ስትገባ ጨዋታው በስልክ ቀጠለ። ቀኑን ላይብረሪ ትውላለች፤ ለላፕቶፕ ሶኬት ትሻማለች፤ አማካሪዋ በቀይ ያጨማለቀውን ምዕራፍ ታርማለች፤ ሲመሽ አንድ ፊልም። ለመመረቂያ ጽሑፏ የዘንገና ሐይቅ አካባቢ ገበሬዎችን ስታናግር ያመላለሳት አድማሴ ነው። እሷ መጠይቁን ስታነብ እሱ ከጎን “ጋሼ፣ ‘በጣም እስማማለሁ’ ይበሏትና ትመረቅ” እያለ ገበሬውን ያስቀዋል። ሲለያዩ ያየችውን ፊልም ስም በመልእክት ትልክለታለች፤ እሱም አይቶ ይመልሳል። “የት ላይ አለቀስክ?” “ጭስ ነው።” ሁልጊዜ ያው ነው።

ግንቦት ላይ “የስልኬ ማይክ ተበላሽቷል፣ አትደውዪ፣ ጻፊልኝ” የሚል መጣ። ከዚያ ወዲህ አድማሴ ተለወጠ። ጭስ ማለት ተወ። ልጇ የጠፋባት እናት ያለችበትን ፊልም ልካለት “የት ላይ አለቀስክ?” ብትለው፣ መልሱ በማግሥቱ መጣ፦ “እናትየው ልጄ ይመጣል ብላ በሩን ሳትቀረቅር ስታድር።” ምህረቴ ለጓደኞቿ አሳየቻቸው። “ወንድሜ ሰው ሆነ” አለች እየሳቀች።

ሌላም ጽፋለች። “ሽማግሌው አባታችንስ? አሁንም ፊታቸው ክረምት ነው?”

“ደህና ናቸው። በርቺ ብለውሻል።”

“እሳቸው? በርቺ? ሊሞቱ ነው እንዴ?”

ለዚህኛው መልስ አልመጣም ነበር።

“እማዬ” አለች፣ ሰዎቹ ለንፍሮ ሲነሱ። “ምን ቀን ነበር?”

“ቅዳሜ” አለች እንቁ። “ከሰዓት። ገበያው ሲፈታ።”

ምህረቴ ያቺን ቅዳሜ ፈለገቻት፤ አገኘቻትም። የታረመውን ምዕራፍ ለአማካሪዋ ልካ፣ ተገላግላ፣ ከክፍሏ ልጆች ጋር አልጋ ላይ ተደርድረው ፊልም እያዩ ነበር። ፊልሙ ላይ ልጁ ሩቅ አገር ሲወድቅ እናቱ እቤቷ ሆና ይሰማታል፤ የያዘችው ሳህን ከእጇ ይወድቃል፤ መብራቱም ይጠፋል። ምህረቴ እንዲህ ያለውን ትወዳለች። “ደም ያውቃል” ትላለች ሁልጊዜ። ያን ቅዳሜም ብላለች። እሷ ግን ምንም አልወደቀባትም። እፍኟ ውስጥ የነበረው ቆሎ አልፈሰሰም። ቆሎዋን በልታ ስቃለች።

“ማን ነው የጻፈልኝ?”

“ተይኝ ልጄ፣ በእመቤቴ።”

“ማን ነው?”

“ሽማግሌዎቹ ናቸው የመከሩት። ትምህርቷ አፋፍ ላይ ነው፣ ዲፌንሷ ይለፍ አሉ። እሱስ ቢሆን መቋረጥሽን ይወድ ነበር?”

“እሱን ምስክር አትቁጠሪብኝ” አለች ምህረቴ። “ሳልሸኘው አስቀራችሁኝ። ለአንድ ወረቀት ብላችሁ። ያ ሳያንስ የሞተን ሰው ሕያው ስታስመስሉ ከረማችሁ። ማነው እንዲህ የሚጫወት?”

እንቁ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ በአዊኛ ልጇን በቀስታ መጥራት ጀመረች።

በማግሥቱ ካሳነሽ ሻይ ያለበትን ፔርሙስ አቅፋ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ካሳነሽ ለቅሶ ቤት ባዶ እጇን አትመጣም፤ ወይ ምግብ ይዛ ትመጣለች፣ ወይ ወሬ። የዛሬው ሁለቱም ነበር።

“አንቺ ልጅ፣ አባትሽን አታስቀይሚያቸው” አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “ጤና አይደሉም። የልጃቸው አፈር ሳይደርቅ መናኸሪያ ሄደው፣ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብለው የህንድ ዘፈን ሲያዩ ነበር አሉ። ራሳቸውን ተላጭተው፣ ከል ለብሰው። እኔ አልዋሽሽም፣ ሰው ያየውን ነው።”

“አባቴ? ህንድ?”

“ምን ላድርግ እታለም፣ ሐዘን እኮ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ሻይ ልቅዳልሽ?”

ምህረቴ ሻዩን አልጠበቀችም። ደረቷ ውስጥ የተጋደመው ነገር ባንድ ጊዜ እሳት ሆነ። ልጃቸው በሕይወት ሳለ በጆሮው የጎተቱት፣ ተዋናይቷን በቢላዋ የፋቁት ሰው፣ እሱን ቀብረው ቁጭ ብለው ዘፈን ያያሉ። እሷ ደግሞ እዚህ ፍራሽ ላይ የውሸት መልእክት እየገፋች ትቀመጣለች። ተነሳች። ባሕር ዳር ተመልሳ እንደሆነ ታልቅስ፣ ወይም አታልቅስ፤ እዚህ ግን አትቆይም። ከመጣች ያልፈታችውን ቦርሳ ትከሻዋ ላይ ጣለች። እናቷ ቀና ብላ አየቻት፤ ልትይዛት አልቻለችም።

የግቢው በር ላይ አብዱልሀፊዝ እየገባ ተገጣጠሙ። መናኸሪያው ፊት ለፊት የሞባይል ሱቅ አለው፤ ሚሞሪ ላይ ፊልም የሚጭን፣ የአድማሴ ባልንጀራ ነው።

“አላህ ያጽናሽ፣ ምህረቴ” አለ። ቦርሳዋን አየ። “ወዴት?”

“አባቴ ዘፈን ሲያዩ የነበሩት አንተ ጋ ነው?”

“ዘፈን? ማን ነው ዘፈን ያለው?” ፊቱ ተለወጠ። “አየ የኛ ሰው። ቁመሽ ስሚኝ። ከቀብሩ ሳምንት ሳይሞላ የአድማሴን ስልክ ይዘው መጡ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀውን። ‘ይሄ ስም ያለው ፊልም አለህ?’ አሉኝ። ‘ጋሼ፣ ህንድ እኮ ነው’ ስላቸው፣ ‘አውቃለሁ። ልጅቷ የት ላይ አለቀስክ ብላለች። ካላየሁት ምን ብዬ እመልስላታለሁ?’ አሉ።”

የምህረቴ ቦርሳ ከትከሻዋ ተንሸራቶ ክንዷ ላይ ቀረ።

“በስልኩ ዓይናቸው አይለይም፤ የሱቁን ቴሌቪዥን ከፈትኩላቸው፣ በአማርኛ የተተረጎመውን። መጀመሪያ መጀመሪያ ሲዘፍኑ ‘ይሄን ዝለለው’ ይሉ ነበር። ኋላ ‘ተወው፣ እሷ ሳትዘለው አይታው ይሆናል’ አሉኝ። ሰው እንዳያያቸው ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ነው የሚቀመጡት። አየ እንጂ፣ የማያይ ሰው የት አለ። ‘ጋሼ፣ እኔ ልጻፍልዎት’ ብላቸው እምቢ። አንዷን መስመር ለቅመው እስኪጨርሱ ያቀረብኩላቸው ሻይ ይቀዘቅዛል።”

“የምልከውን ሁሉ አንብበውታል?”

“ታዲያስ። ለማን ይተዉት?”

ሊሞቱ ነው እንዴ? ምህረቴ ይህንን የጻፈችበት አውራ ጣቷ ሲያቃጥላት ተሰማት።

ካፊያ ጀምሯል። በድንኳኑ ሥር ወንዶቹ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተዋል። አቶ ይኸነው የተቀመጡት አግዳሚው ጫፍ ላይ ነው፤ ሸራው ሳይደርስበት የቀረው ቦታ፣ ሌላው ሰው የሸሸው። ጋቢያቸው በአንድ ወገን ረጥቧል። እንደዚህ ትንሽ ሆነው አይታቸው አታውቅም።

ስልኳን አወጣች። ወደ ወንድሟ ቁጥር ጻፈች፦ “አባ፣ የት ላይ ነው ያለቀሱት?”

ጋቢው ውስጥ ትንሽ ነገር ጮኸ። ወንዶቹ ዞረው አዩ። አቶ ይኸነው አልተንቀሳቀሱም። ቆይተው፣ የተሰነጠቀውን ስልክ ከደረታቸው አወጡ፤ መነጽራቸውን ፈለጉ፤ አነበቡ። አንገታቸውን ሳያነሱ ረጅም ጊዜ በአንድ ጣታቸው ፊደል ለቀሙ። ምህረቴ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች። አብዱልሀፊዝም አብሯት ቆመ።

ስልኳ እጇ ውስጥ ተንቀጠቀጠ።

“ከትናንት ወዲያ። ዳንግላ ደረስኩ፣ በር ላይ ጠብቀኝ ስትዪ።”

ደረቷ ውስጥ የተጋደመው ነገር ያን ጊዜ ተነቀለ። ካፊያው ይሁን ሌላ ፊቷ ላይ ሲወርድ አልጠረገችውም። ቦርሳዋን አብዱልሀፊዝ እግር ሥር አስቀምጣ በወንዶቹ መሃል ማለፍ ጀመረች። ሴት በዚያ በኩል አትቀመጥም፤ አባ ውቤ አፋቸውን ሊከፍቱ ብለው ተዉት።

አባቷ ስትመጣ አዩ። ስልኩን ጋቢያቸው ውስጥ መለሱ። አጠገባቸው ዝናቡ ያረፈበትን አግዳሚ በጋቢያቸው ደረቅ ጫፍ ጠረጉት፤ እስክትደርስም ጠብታው ሲመለስ፣ ደግመው ጠረጉት።