ለሩፋይዳ ራስ የተቀመጠ ውሃ

ፀጉር ሥራ ያስተማረኝ የለም። ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ በገዛ ራሴ ላይ ነው የተማርኩት፤ በመስታወት እያየሁ፣ ከክሬሙ ካርቶን ውስጥ የሚወጣውን ብጣሽ ወረቀት እያነበብኩ። መካነ ሰላም ውስጥ ሰርተፊኬታቸውን በፍሬም የሰቀሉ አሉ። ይስቀሉ። ደንበኞቻቸው ተቆጥተው ሲወጡ የሚመጡት ወደ እኔ ነው።

ሪላክሰር፣ ፀጉር የሚያለሰልሰውን ክሬም፣ ለመቀባት ሕግ አለኝ። ሕጌን ያልወደደች በካውያ ትተኮስ። ራሷን ትናንት የታጠበች፣ ሹሩባዋን ፈትታ ስታክ የዋለች፣ ቁስል ያላት፣ እኔ ጋ አትቀባም። ግንባር፣ የጆሮ ጫፍና ማጅራት ቫዝሊን ይጠግባል። ክሬሙ ፀጉር ይነካል እንጂ ቆዳ አይነካም። መጀመሪያ ከጆሮ ኋላ አንዲት ዘለላ ትሞከራለች። ማቃጠል ሲጀምር፣ ገና ሲጀምር ይነገረኛል፤ ችሎ መቀመጥ እኔ ቤት ጀግንነት አይደለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ሁለት ጀሪካን ሙሉ ውሃ ሳይቀመጥ የክሬሙ ክዳን አይከፈትም። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሴቶቹ የሚያጉረመርሙት በዚህኛው ነው። «ለአንድ ራስ ሁለት ጀሪካን? መሲ፣ ልታጠምቂን ነው እንዴ?» ይሉኛል። አዎ፣ እላቸዋለሁ፤ ሳይጠመቅ የሚወጣ የለም።

እቴቴ ሐሙስ ዕለት መጡ። የሩፋይዳ እናት፣ ጎረቤቴ ናቸው፤ አጥራችን አንድ ነው።

«መሲ፣ የሩፋይዳን ራስ ላንቺ ሰጥቻለሁ» አሉኝ፣ ገና ሳይቀመጡ።

«ምን ሆነ ራሷ?»

«ምንም አልሆነ። እሱ ነው ችግሩ። አላህ እንዳበቀለው ተቀምጧል።»

ከነጠላቸው ሥር የክሬም ዕቃ አወጡ። ትልቋ ልጃቸው አፍናን ከሪያድ የላከችው ነው። ገልብጬ አየሁት፤ ጊዜው አላለፈም፣ ማሸጊያው አልተነካም። የክሬሙን ኃይል የሚያቆመው ሻምፖም አብሮ አለ።

«የሩፋይዳ ፀጉር ማበጠሪያ ነው የሚያስፈልገው እንጂ ይኸ አይደለም» አልኳቸው።

«እሱን ለእትዬ ሺፋ ንገሪያት።»

ነገሩን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሩፋይዳን የጠየቃት ጠልሐ የሚባል የከላላ ልጅ ነው፤ ጅዳ ይሠራል። ልጅቷን በእሱ ፋንታ የምታየው ያሳደገችው አክስቱ እትዬ ሺፋ ናት። ሴት ለሴት ሆነው፣ ሻሽ ወልቆ፣ ጥርስ፣ ተረከዝ፣ ፀጉር ይታያል። ደግ ሴት ናት ይሏታል። ቢሆንም ባለፈው ዓመት የወግዲዋን ልጅ «የበግ ለምድ የደፋች» ብላ ነው የተመለሰችው፤ ይቺ ቃል ከእሷ ቀድማ መካነ ሰላም ገብታለች።

ሩፋይዳ ይህ ባል ቢቀርባት ሌላ ይመጣል የሚባልላት ልጅ አልነበረችም። አባቷ ጋሼ ሃሩን ሊልኳት ቆርጠዋል። አፍናን በጂቡቲ ዞራ በባሕር ነው ሳውዲ የገባችው፤ የቤቱ ቆርቆሮም፣ የአባቷ መድኃኒትም የእሷ ላብ ነው። አሁን ተራው የሩፋይዳ ነበር። ሰው ወደ ሳውዲ የሚያሻግረው ደላላ አበጋዝ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሻይ ጠጥቶ ሄዷል። ሩፋይዳ ግን የጎረቤታችን ፈርሂያ ጀልባ ላይ ወጣች ተብሎ ድምጿ ከጠፋ ወዲህ፣ «በባሕር ከምትሰዱኝ እዚሁ ቅበሩኝ» አለች። ጋሼ ሃሩን ለግማሽ እሺ አሉ። ካገባች ትቀመጣለች፤ ካላገባች ከአበጋዝ ጋር ትሄዳለች።

ስለዚህ እሺ አልኩ። ዘለላውን ሐሙስ ማታ ሞከርኩት፤ ፀጉሩም ቆዳውም ደህና አደረ። እትዬ ሺፋ ቅዳሜ ትመጣለች ስለተባለ ዓርብ ከሰዓት ገባሁ።

ጓዳቸው በመጋረጃ ብቻ ነው ከሳሎኑ የሚለየው። ሩፋይዳን ግድግዳ ላይ በተደገፈው መስታወት ፊት ዱካ ላይ አስቀመጥኳት። ሁለቱ ጀሪካኖች ከኋላዬ፣ መጋረጃው ሥር ነበሩ። አንስቼ መዘንኳቸው፤ ሙሉ ናቸው። ጓንቴን አጠለቅሁ።

«ስንጨርስ አረብ ትመስያለሽ» አልኳት።

«ከአረብ ለመሸሽ ነው የምቀባው፤ እንዳትቀላቅይብኝ» አለችና ሳቀች። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች።

«ባልሽ ግን እዚያው ነው ያለው።»

«እሱ ይኑር። እኔ ከላላ አክስቱ ቤት ነው የምቀመጠው። በግ እጠብቃለሁ፣ ጤፍ አርማለሁ፤ ደስ ብሎኝ። ባሕር ብቻ አያሳየኝ።»

ፀጉሯን አራት ቦታ ከፍዬ በፒን ያዝኩ። የሚከብደው ከማጅራት በላይ ያለው ነው፤ ከዚያ ጀመርኩ። አንገቴን ደፍቼ ዘለላ በዘለላ እየቀባሁ ሳለ ግቢው በሰላምታ ተሞላ። አሰላሙ አለይኩም፣ ወአለይኩሙ ሰላም፣ አማን ናችሁ፣ አልሐምዱሊላህ። እቴቴ መጋረጃውን ገልጠው አዩና ፊታቸው ተለወጠ።

«መጡ» አሉ። «የከላላዎቹ። መንገዱ ነገ ይዘጋል ሲባል ሰምተው ዛሬውኑ ተነሱ። እትዬ ሺፋም አብራ ናት።»

«ይቀመጡ። እየጨረስኩ ነው» አልኩ።

«እንዳይሰሙን ብቻ። ድምፅ እንዳይወጣ።» ወጡ።

እኔ ሥራዬን ቀጠልኩ። ከኋላዬ መጋረጃው ሲንቀሳቀስ ሰምቻለሁ፤ እቴቴ ናቸው ብዬ ዞር አላልኩም። ክሬም በእጁ ያለ ሰው ዞር አይልም።

ወንዶቹ ሳሎን ገቡ። ሳል፣ የከዘራ ድምፅ፣ ምንጣፍ ሲነጠፍ። ወደ ሩፋይዳ ጆሮ ጠጋ ብዬ «ያቃጥላል?» አልኩ። ራሷን ነቀነቀች፤ አያቃጥልም። ትንሽ ቆይቼ ደገምኩ። አሁንም ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ቀና ስል መስታወቱ ውስጥ ዓይኗን አየሁት። እንባው ያለ ልቅሶ ይወርዳል። የሻሿን ጫፍ ነክሳለች። የእግር ጣቶቿ መሬቱን ቆንጥጠው ይዘዋል። ቫዝሊኑ በላብ ወርዶ፣ ክሬሙ ከጆሮዋ ኋላ እስከ ማጅራቷ ቆዳው ላይ ተኝቷል።

ለውሃው ዞርኩ። ጀሪካኖቹ የሉም።

እቴቴ መጋረጃው ሥር ቆመዋል።

«ውሃው የታለ?»

«ለውዱእ ወሰድኩት» አሉ በሹክሹክታ። «ለእንግዶቹ መታጠቢያ።»

«ሁለቱንም?»

«ስድስት ሰው ናቸው መሲ። በጁምዓ ቀን ቤቴ የመጣ ሽማግሌ ውሃ አጥቶ የአስር ሶላት ይለፈው? ነገ ይኸን ከላላ ላይ ያውሩት?»

«ልጅዎ እየተቃጠለች ነው።»

«ቀስ በይ። አላህ ይወድሻል፣ ቀስ በይ። ሶላት ገብተዋል።»

በመጋረጃው ስንጥቅ አየሁ። የሳሎኑ በር በቂብላ፣ በመካ አቅጣጫ ነው፤ ሼህ ጀማሉዲን ከፊት፣ ሌሎቹ ተሰልፈው፣ እትዬ ሺፋ ከኋላ፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ቆመዋል። ወደ ግቢ የሚያስወጣ ሌላ በር የለም። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ግን ወሎ ነው ያደግሁት። በሰጋጅ ፊት እንደማይታለፍ ፊደል ሳልቆጥር ነው ያወቅሁት። ውሻ እንኳ ሲያልፍ ይባረራል።

ክሬሙን በፎጣ እየጠረግሁ ማንሳት ጀመርኩ። በፎጣ የሚነሳው ላዩ ነው፤ የሚበላው ሥሩ ይቀራል። ሩፋይዳ የእጄን አንጓ ያዘችኝ።

«ይጨርሱ» አለች። ድምፅ አልነበረውም፣ ከንፈሯ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው። «ሶላታቸውን ከቆረጥሽባቸው ጠልሐ የለም።»

«ውሃው ሲወሰድ አይተሻል?»

«በመስታወቱ።»

«እና ዝም አልሽ?»

«እማ ናት የወሰደችው» አለች።

ከሳሎኑ «አላሁ አክበር» ተባለ፤ ጎንበስ አሉ። ጠበቅሁ። ቀና አሉ። ደግሞ «አላሁ አክበር»፤ ግንባራቸው ምንጣፉን ሲነካ መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ። እቴቴ ቀሚሴን ያዙኝ፤ ጨርቁ ጮኸና ለቀቀኝ። በሰጋጆቹ ራስና በበሩ መካከል አለፍኩ። ከጓንቴ የተንጠባጠበ ነጭ ክሬም የሼሁ መስገጃ ጫፍ ላይ ወደቀ።

ግቢው ውስጥ አንድ ሽማግሌ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ይታጠባሉ፤ ዘግይተው የደረሱ ናቸው። አንደኛው ጀሪካን ተጋድሟል። ሁለተኛው እጃቸው ላይ ነው።

«አባባ፣ ውሃውን ይስጡኝ።»

«ልጄ፣ አንድ እግር ቀርቶኛል፤ ሶላቱ ያልፈኛል።»

«ውስጥ ሰው እየተቃጠለ ነው።»

ጓንቴን አዩ፣ ፊቴን አዩ። ምን ዓይነት ቃጠሎ ብለው አልጠየቁም። «ውሰጂ፤ እኔ አፈር አይጠፋኝም» አሉና በውሃ ፋንታ ለተየሙም መዳፋቸውን ደረቁ መሬት ላይ አሳረፉ። ስማቸውን እስካሁን አላውቅም። በዚያ ቤት በዚያን ቀን ሰው ሆኖ የታየኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ጀሪካኑ ቀሎኝ ነበር። ስመለስ ሰጋጆቹ ቆመዋል። ቀና ብዬ፣ በፊታቸው፣ ጀሪካኔን ይዤ አለፍኩ። ዓይኑን ያነሳ አልነበረም፤ ሼህ ጀማሉዲን ብቻ የሚቀጥለውን «አላሁ አክበር» ጮክ ብለው አሉት።

ውሃው የመጀመሪያውን ክሬም አወረደ፤ ለሻምፖው አልደረሰም። አፈስሳለሁ፣ ክሬሙ ከውሃው ጋር አንገቷ ላይ ይወርዳል፣ እሱን በፎጣ እይዛለሁ። ፀጉሯ እርጥብ ሆኖ በመዳፌ ላይ ይቀራል። ሩፋይዳ አሁንም አልጮኸችም። ጩኸቷ ቢወጣ ይሻለኝ ነበር።

እትዬ ሺፋ የሶላቱን መዝጊያ ሰላምታ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ብላ ስትጨርስ ነው መጋረጃውን ገልጣ የገባችው። እጅጌዋን ሰበሰበች፣ የልጅቷን ግንባር ደግፋ ያዘች፣ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አይዞሽ» አለች። እሷ ናት ጮክ ብላ ከየጎረቤቱ ውሃ እንዲለመን ያዘዘችው፤ ውሃ መጣ፣ ሻምፖውም ተደረገ፤ ግን ከረፈደ በኋላ ነው። ከጆሮዋ ኋላ እስከ ማጅራቷ ቆዳው ተገልጧል። እትዬ ሺፋ የራሷን ነጭ ሻሽ አውልቃ በስሱ አለበሰቻት፤ ስታለብሳት ጥርሷንም፣ ተረከዟንም ስታይ አየኋት።

ከዚያ ሳሎን ወጣች። በዚያው በለሰለሰው ድምፅ፣ «ልጅቱ ታማብናለች። አላህ ያሽራት። ለጠልሐ የተጻፈው ሌላ ቦታ ይሆናል» ስትል ሰማሁ። ሽማግሌዎቹ አሚን አሉ።

ሐኪም ቤት የወሰድኳት እኔ ነኝ፤ እቴቴ «እንግዳ ይሂድ» ብለው ቢለምኑኝም አልጠበቅሁም። ቅባት ሰጡን። የተገለጠው ቦታ ጠባሳ ይሆናል፣ ጠባሳ ላይ ፀጉር አይወጣም አሉን። ሩፋይዳ ወደ ቤት ስንመለስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ «አባዬ ሰምቷል?»

ጋሼ ሃሩን ሰምተዋል። ከተማውም ሰምቷል፤ የሰማው ግን ሌላ ነው። መሰረት፣ ማለት እኔ፣ ሶላት ቆርጣ ጋብቻ አፈረሰች። መሰረት ክሬሟን መስገጃ ላይ አፈሰሰች። ገበያ ስወጣ ሴቶቹ ያወሩትን ያቋርጣሉ። ውሃውን ማን ወሰደው ብሎ የጠየቀ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። እኔም እየዞርኩ አላስረዳም። ሥራዬን አውቃለሁ፤ ያን ቀን ሰጋጅ ፊት ያለፍኩትን ዛሬም አልፋለሁ፤ የሚቆጨኝ ጎንበስ ብለው ቀና እስኪሉ የጠበቅኳት ያቺ ደቂቃ ናት።

አበጋዝ በሳምንቱ መጣ። በዚህኛው ግን ሻይ አልጠጣም፤ ቆሞ ተነጋግሮ ሄደ።

ሩፋይዳ በምትነሳበት ዋዜማ ጠዋት ቤቴ ገባች። የእትዬ ሺፋን ሻሽ አስራለች። ቁስሉ ደርቆ ቅርፊት ይዟል፤ ከፊት ያለው ያልተቀባው ፀጉሯ እንዳለ ነው፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጥቁር።

«ላጪልኝ» አለችና ምላጭ ከነወረቀቱ አቀበለችኝ።

«የፊቱ ጤነኛ ነው። ወደ ኋላ ቢያዝ ጠባሳውን ይሸፍንልሻል።»

«አፍናን ደውላ ነበር» አለች። «ሰው በተሰበሰበበት የማትነግረንን ነው የነገረችኝ። የመን ላይ ሌሊት ደላሎቹ ሴቶቹን ከወንዶቹ ሲለዩ በፀጉር ነው የሚጎትቱት። እሷንም። እጅ የሚይዘው ነገር አይኑርሽ አለችኝ።»

ምላጩን ከወረቀቱ አወጣሁና ከግንባሯ ጀመርኩ። ቁስሉ ጋ ስደርስ ቀስ አልኩ፤ እሷ ግን አልተሸማቀቀችም። ፀጉሩ ጭኗ ላይ፣ ጫማዋ ላይ፣ ወለሉ ላይ ወደቀ። ጨርሼ በፎጣ ጠረግኳት። በሁለት እጇ ራሷን ዳበሰች፣ ከፊት ወደ ኋላ፣ ጠባሳው ጋ ሳትቆም።

«ወንድ እመስላለሁ?»

አየኋት። አንገቷ ቀጭን ነው፤ ዓይኗም የሴት ዓይን ነው፤ ማንም አይሳሳትም።

«ትመስያለሽ» አልኳት።

«ደግ» አለች፣ ተነሳች።