ከሰባቱ ድንጋዮች አንዷ

ልጄ የሺዋስ ወሎ ውስጥ ኦፓል ሲቆፍር ጉድጓዱ ተንዶበት ሞተ። አርባው ካለፈ በኋላ አብሮት ይቆፍር የነበረው በቀለ አቃቂ እኛ ቤት ድረስ መጣ፤ በልጄ ቦርሳ ውስጥ የመጡትን ሰባት ድንጋዮች ሊወስድ። ስድስቱ የማኅበራቸው ናቸው። አንዷ ግን የሴት ልጁ የልዕልት ናት። አባቷ ከመሞቱ በፊት በስልክ ነግሯት ነበር፦ «አንዷን ላንቺ ይዣለሁ። በባትሪሽ ስታዪያት አረንጓዴ ታበራለች፤ ሌሎቹ ጭል አይሉም።»

ባትሪውን የገዛላት እሱ ነው፤ አልትራቫዮሌት የሚሉት፣ ሐምራዊ ብርሃን ያለው፣ ድንጋይ የሚለዩበት። እኔ «ዓይንሽን ያጠፋዋል» እያልኩ ስደብቅባት ነው የኖርኩት። ቦርሳውንም እስከዚያ ቀን ሳጥኔ ውስጥ ቆልፌበት ነበር። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ምኑን ትየው?

ልዕልት ክፍሉ እንዲጨልምላት መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረደች። ወንበር ላይ ወጥታ የቆርቆሮውን ቀዳዳ በጨርቅ ስትደፍን፣

«ትወድቂያለሽ፣ ውረጂ!» አልኩ።

«እማማ፣ ዝም በይ እስቲ! የአባቢን ልፈልግበት።»

በቀለ ሳቅ አለ። «ቁርጥ አባቷን! እሱም ሲቆፍር ዝም በሉ ነበር የሚለን፤ ድንጋዩ የሚያወራው ይመስል።»

ባትሪውን አበራች። ሰባቱም አበሩ። ሰባቱም አንድ ዓይነት፣ ነጣ ያለ ሰማያዊ። እያገላበጠች፣ አንድ በአንድ እያስጠጋች አየች። አረንጓዴ የለም።

«ዋሽቶኛል» አለች። «ደስ እንዲለኝ ብሎ ነው።»

ባትሪውን ስታወርደው ብርሃኑ ክፍቱ ሳጥን ውስጥ አረፈ። አጥፌ ያስቀመጥኩት የልጄ ነጭ ሸሚዝ ልክ እንደ ድንጋዮቹ ሰማያዊ ሆኖ ቦግ አለ። ያን ጊዜ ሳፋው ትዝ አለኝ።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ግን ልጄ በሞተበት ውሸታም ይባል?

«አልዋሸሽም፣ ልጄ። እኔ ነኝ። ጭቃውንና ደሙን እንዳታዪ ብዬ ልብሱንም ድንጋዮቹንም ቦርሳው የመጣ ቀን ሳፋ ውስጥ አንድ ላይ በዱቄት ሳሙና ዘፍዝፌ አሳደርኳቸው።»

በቀለ ራሱን ያዘ። «ውይ እማማ! የኛ ኦፓል እኮ ውሃ ይጠጣል። የሚያበራው የጠጣው ሳሙና ነው፤ እንደ ሸሚዙ። አረንጓዴዋን ሸፈናት።»

«ቢታጠብስ? አይለቅም?» አልኩት።

«እንጃ፣ እማማ።» ወደ ልጅቷ ዞረ። «ግድ የለም፣ ደስ ያለሽን ምረጪ። ማኅበሩ በአንዷ አይቀየምም።»

«እሱ የያዘልኝ ባትሆንስ?» አለችው።

ሰባቱንም ለቅማ እጁ ላይ አደረገችለት። እስከ በሩ ሸኘሁት፤ ምን እንዳልኩት አላስታውስም።

ስመለስ ብርድ ልብሱ ወርዷል። ልዕልት አልጋው ላይ ተቀምጣ ሸሚዙን በሁለት እጇ ፊቷ ላይ ይዛለች። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አታለቅስም፤ ታሸተዋለች። አንገትጌውን፣ ብብቱን፣ ኪሱን።

«እማማ» አለችኝ ቀና ሳትል፣ «ሳሙና ሳሙና ይላል።»