ፉሽያውን ማን በላው?

ሾፌሩ የዶሮዋን ክንፍ ጠርንፎ ከጓሮ ብቅ አለ።

"ዛሬስ አልምራትም! ነገ ገበያ ወጥታ ትሸጣለች!"

"ደግሞ ምን አደረገችህ?" ሚስቱ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ከማድቤት ሮጣ ወጣች።

"ነይና እዪ! ፉሽያዬን ጨረሰችው!"

አውቶቡስ መንዳት ትቶ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሾፌሩ ነገር ሁሉ ፉሽያ ሆኗል። አበባው እንደ ጆሮ ጌጥ ቁልቁል የሚንጠለጠለውን ይህን ተክል ያመጣው የእናቱ ቤት ሊፈርስ ሲል ከግቢያቸው ቅርንጫፍ ቆርጦ ነው። ሦስት ቦታ ከፋፍሎ ተክሎት ነበር፤ ሁለቱ እያየ ጠውልገው ሞቱበት። የቀረው በአሮጌ የቀለም ባልዲ የተተከለው ይሄ ብቻ ነው። እሱም ዛሬ አንገቱን ደፍቷል። ይሄ ከሄደ ከእናቱ ደጅ የተረፈው ነገር ሁሉ አበቃ ማለት ነው። ሾፌሩ ዶሮዋን በሲባጎ ከአጥሩ ጋር አሰራት።

ሚስቱ ጎንበስ ብላ ቅጠሉን አገላበጠች። ጠርዙ ዙሪያውን በግማሽ ክብ በግማሽ ክብ ተነክሷል።

"አንተ ሰው፣ ትናንት ሲመሽ ይሄ ቅጠል ደህና ነበር?"

"ደህና ነበር! በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ።"

"ዶሮዬ ደግሞ ሳይመሽ ገብታ ተቆልፎባታል። አሁን የከፈትክላት አንተው ነህ። በር ከፍታ ወጥታ፣ በልታ፣ ተመልሳ ቆለፈች በለኛ!"

ሾፌሩ ባልዲው ላይ አጎነበሰ። ጣቱን አፈሩ ውስጥ ሰደደ፤ እርጥብ ነው። እርጥብ ከሆነ ታዲያ ለምን ይጠወልጋል?

"ቆይ ቆይ ቆይ! ታንከሩ ሙሉ ሆኖ መኪናው ካልሄደ ችግሩ ከታች ነው!"

ባልዲውን ብድግ አድርጎ ዘረገፈው። ከአፈሩ ጋር ነጫጭ ትሎች ተጠቅልለው ወጡ። ሥሩ ተግጦ ጥቂት ክር ብቻ ቀርቶታል። ከባልዲው ቂጥ ስር ደግሞ አንዲት ጥቁር ጥንዚዛ ተለጥፋ ነበር።

"ያዝኳችሁ!" ሾፌሩ እንደ ልጅ ዘለለ። "እናትየዋ ሌሊት ቅጠሉን፣ ልጆቿ ከታች ሥሩን! አየሽ? አየሽልኝ?"

"አየሁ፣ አየሁ! ጎረቤት አትቀስቅስ!" አለች እሷም እየሳቀች።

ጥንዚዛዋን በጫማው ጨፈለቃት። ሥሩን በውሃ አጠበ፣ የተጣበቁትን ትሎች አንድ በአንድ ለቀመ፣ ባልዲውን ፈትጎ አዲስ አፈር ሞላበት። ከዚያ መቀሱን አነሳ።

"አበባውንም ልትቆርጠው?"

"በዚህች ሥር ትርፍ ጭኖ ዳገት አይወጣም" አለ። አበባውን በጣቱ ዳሰሰ። ቆረጠው። ጉቶው ላይ አንዲት አረንጓዴ ቡቃያ ስትቀር ደስ ብሎት ዓይኑ እንባ አቀረረ።

በዚህ መሃል አንድ ትል ተንከባልሎ አጥሩ ዘንድ ደረሰ። ዶሮዋ ሲባጎዋን ወጥራ ተዘረጋችና ዋጥ አደረገችው። ሾፌሩ አያት። ተነስቶ ሄደና ፈታት። በክንፏ አቧራ እያስነሳች የተዘረገፈው አፈር ላይ ሰፈረችበትና ትሎቹን ትለቅም ጀመር።

ሲባጎውን አልጣለውም፤ ጉቶውን ከድጋፍ እንጨት ጋር አሰረበት።

"ነገ ገበያ የለም በለኛ?" አለች ሚስቱ።

"አለ እንጂ! እኔ ነኝ የምሄደው። ጥሬ ልገዛላት።"